ሜሪ ኦንላይን ናት

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሁሉ ሾርትከት፣ ባዶ ምልክት ብቻ፣ ሆኗል። ፎቶው፣ መዝሙሩ፣ የትምህርት ማስታወሻዬ፣ የአባዬ የጋራዥ ወረቀቶች፣ ሁሉም። ፎልደሩን ስከፍተው ጥቁር መስኮት ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ከዚያ ምንም።

ጥፋቱ የኔ ነው። ቅዳሜ የእህቴን የሜሪን ፎቶ በፍላሽ ይዤ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄጄ ነበር። ለእሑድ፣ ለአርባዋ፣ ቲሸርት ላይ እንዲታተም። ከፊቴ ሦስት ሰው ነበር፤ አንዱ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ አንዱ የቤት ኪራይ ውል፣ አንዷ የሠርግ ጥሪ ይዘዋል። የሁሉም ፍላሽ አንድ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ተነቀለ። የኔም እንደዚያው። ከዚያ ቫይረስ ይዞ እንደሆነ ሳልፈትሽ ቤት አምጥቼ ሰካሁት። ሐሳቤ ፎቶው ላይ ነበር። አባዬ "የምትስቅበት ይሁን" አለ። እማዬ "አይ፣ ረጋ ያለችበት" አለች። ሁለቱንም አሳተምኩ።

እህቴ ሜሮን ከሞተች ዛሬ ሠላሳ አራተኛ ቀን ነው። ባቱ የአትክልት እርሻ ላይ መዝጋቢ ነበረች። ሁልጊዜ የምትመጣው ቅዳሜ ነው። ያን ጊዜ ግን ረቡዕ መጣች። ለማንም ሳትደውል። ሚኒባሱ ዓለም ጤና ከተማ ሳይደርስ ተገለበጠ። ስልኳ አልተገኘም። እማዬ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን ሁሉ "ግን ለምን በሥራ ቀን መጣች?" ትል ነበር። አሁንም ትላለች። ሽንኩርት እየላጠችም ትላለች።

ይህ ኮምፒውተር ላይ የሜሪ ቴሌግራም እንደተከፈተ ነው። ነሐሴ ላይ ዕረፍት ስትመጣ የከፈተችው ነው። ማንም አያውቅም። ለራሷ በድምፅ የምትቀዳቸው ማስታወሻዎች አሉ፤ መጻፍ ትጠላ ስለነበር የምትገዛውንም፣ የምትሠራውንም ለራሷ ትቀዳለች። አርባ አንድ ናቸው። ድንኳኑ ከተነሣ ጀምሮ በቀን አንድ እሰማለሁ። ከድሮው ጀምሬ ወደ አሁኑ። ሃያ ሁለት ሰምቻለሁ። አሥራ ዘጠኝ ይቀራሉ። የመጨረሻዎቹ የዚያ ሳምንት ናቸው። ረቡዕ ለምን እንደመጣች ምናልባት እዚያ ውስጥ አለ።

በአንድ ቀን ሁሉንም መስማት እችላለሁ። አልሰማሁም። ለምን እንዳልሰማሁ ሌላ ቀን እጽፋለሁ።

ዛሬ አንዱንም አልሰማሁም። ቫይረሱ እዚያ እንዳይደርስ ብዬ ኮምፒውተሩን አጠፋሁት።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለሮባ ነገርኩት። ክፍል ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጠው ሮባ ነው። "አቦ፣ ይሄማ ቀላል ነው። እኔ ጋ ፉል ቨርዥን አለ" አለ። ፉል ቨርዥን ሲል ደረቱን ነፋ፤ ራሱ የሠራው ይመስላል።

አንቲ ቫይረስ ለመምረጥ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደብተሬ ጀርባ ላይ የጻፍኩት፦

ኮምፒውተሩ ላይ ራሱ ያለው። ነፃ ነው። ግን እሱ እያለ አይደል ቫይረሱ የገባው?

ከኢንተርኔት በነፃ የሚወርድ። ትልቅ ነው። ፓኬጄን ይበላል።

የሮባ። የሚከፈልበት ነው፣ ግን ክራክ ተደርጓል፣ ቁልፉ ተሰብሯል። ከአንድ ቻናል ላይ ያወረደው ነው።

የሮባን መረጥኩ። የሚከፈልበት ነገር ይሻላል ብዬ ነው። ሳልከፍልበት።

ከትምህርት በኋላ ቤት መጣ። እማዬን "እንዴት ዋሉ?" ብሎ ሁለት እጇን ያዘ። ሜሪ ከሞተች ወዲህ ቤታችን የሚመጣ ሰው ሁሉ እጇን የሚይዘው እንደዚያ ነው፣ ሮባ እንኳን። ከዚያ መመሪያውን አነበብን። የመጀመሪያው መስመር "ከመጫንዎ በፊት ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጥበቃ ያጥፉ" ይላል።

"ይጠፋል እንዴ?" አልኩት።

"ሁለት ጥበቃ ምን ያደርጋል? አንድ ቤት ሁለት ውሻ አይጮህበትም" አለ።

አጠፋሁት። ጫንነው። አረንጓዴው መስመር ሲሮጥ ሮባ "እየው፣ እየው" ይላል። ከሺህ በላይ ቫይረስ አገኘሁ አለ፤ ሁሉንም አጸዳሁ አለ። ከዚያ ሮባ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አደረገና ፎልደሮቹ ተመለሱ። ፎቶዎቹ አሉ። የአባዬም ወረቀት አለ። ተቃቀፍን። ለብዙ ቀን እንደዚህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እሱ ሲሄድ አንዱን ማስታወሻ ሰማሁ። ሃያ ሦስተኛው። አጭር ነው። ከኋላ የጋሪ ቃጭል ይሰማል።

"ለአባዬ ቆሮሶ ዓሣ። ሦስት። ሴትዮዋ አራት ውሰጂ ካለች ሦስት ብቻ በይ። አጥንቱን የሚለቅምለት ዮኒ ነው፣ እኔ አልነካም። ወይኔ፣ ደግሞ የዮኒ ጫማ። አርባ ሁለት ሆነ አለች እማዬ። አርባ ሁለት! ይሄ ልጅ ቤቱን ሊያስለቅቀን ነው።"

አሥራ ስምንት ይቀራሉ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

በምሳ ሰዓት ስልኬን ከካልሲዬ ውስጥ አወጣሁ። ትምህርት ቤት ስልክ ክልክል ነው። ከላይ "ሜሪዬ" ይላል። ፎቶዋ። ከጎኑ አዲስ መልእክት።

"ሰላም እንዴት ናችሁ? የጓደኛዬ ልጅ የሥዕል ውድድር ላይ ናት። እባካችሁ ይህን ሊንክ ነክታችሁ ድምፅ ስጡልኝ።"

ከስሟ ሥር "ኦንላይን" ይላል።

የትምህርት ቤቱን አጥር ስዘል ሱሪዬ ተቀደደ። እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላስታውስም። ባጃጅ ይዤ መሆን አለበት፤ ሒሳብ ሳልሰጥ ወርጄ ሰውዬው ከኋላ ሲጮህብኝ ነበር።

እማዬ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች። አላለቀሰችም። ቀና ብላ "ኦንላይን ናት" አለችኝ። ልክ ሜሪ ደጅ ቆማ አስገቡኝ ያለች ይመስል፣ በዝግታ ነው ያለችው።

"እማዬ፣ እሷ አይደለችም። ሌባ ነው።"

"አውቃለሁ።"

ግን ጽፋለታለች። አየሁት። "ሜሪዬ?" ብላለች። እሱ "አዎ" ብሏል። እሷ "ልጄ አንቺ ነሽ?" ብላለች። እሱ "አዎ እኔ ነኝ። ሊንኩን ንኪው" ብሏል።

አልነካችውም። ሊንክ መንካት ስለማታውቅ ይሁን ስለማትፈልግ አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ስልክ በስልክ ሆነ። አክስቴ ከመልካሳ ደውላ ትጮሃለች፤ "ዮኒ፣ ሜሪ ጻፈችልኝ! ምንድን ነው ይሄ ጉድ?" የሜሪ የሥራ ጓደኞች ከባቱ ደወሉ። አንዷ ሥራ ላይ ስልኳን ጥላ ራሷን ስታለች አሉኝ። አባዬ ከጋራዥ በቅባት እጁ መጣ።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። በየደቂቃው የቁማር ገጽ ይከፈታል። ሮባ የጫነው አንቲ ቫይረስ አልከፈት አለ። ኢንተርኔቱን አቋረጥኩ። ኮምፒውተሩን አጠፋሁ። ገመዱን ከግድግዳ ነቀልኩ።

የእማዬን ስልክ አየሁ።

ኮምፒውተሩ ጠፍቷል። ሜሪ ኦንላይን ናት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ትምህርት ቤት አልሄድኩም። ኮምፒውተሩን በአንሶላ ጠቅልዬ፣ በባጃጅ ጭኔ ላይ አድርጌ፣ መናኸሪያው አካባቢ ያለው ከድር ዘንድ ሄድኩ። ከድር ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። የአባዬን ጋራዥ ያውቀዋል፤ መኪና የለኝም እንጂ ደንበኛ እሆን ነበር ይላል።

"አካም ጅርታ፣ የጋሽ ታደሰ ልጅ። ምን ሆነብህ? ፎርማት ላድርገው?"

እዚህ ከተማ ሁሉም ነገር ፎርማት ነው። "አይሆንም" አልኩ። ድምፄ ሱቁን ሞላው። ሌላ ደንበኛ ዞሮ አየኝ። ከድር መፍቻውን አስቀምጦ ወንበር ሰጠኝ። ነገርኩት፤ ማስታወሻዎቹንም ጭምር። ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ሮባ የጫነውን ሲያይ ጭንቅላቱን ያዘ።

"ማነው ጥበቃውን አጥፋ ያለህ?"

"መመሪያው።"

"ወንድሜ፣ ዘበኛ ሊቀጠር መጥቶ 'መጀመሪያ ያለውን ዘበኛ አባሩልኝ' ቢልህ ትቀጥረዋለህ?"



እንደገባኝ እንዲህ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ የሰጠኝ ቫይረስ ፎልደር ደባቂ ብቻ ነበር። ያስቸግራል እንጂ አይገድልም፤ አለ ከድር። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ጥበቃ አድሼ ብፈትሸው ይይዘው ነበር። የተሰረቀው አንቲ ቫይረስ ግን ራሱ ሌባ ነው። የሜሪን ቴሌግራም መክፈቻ ቀድቶ ልኮታል። ስለዚህ ሌላ ቦታ ያለ ሰው በዚያ መክፈቻ ይገባል፣ የኔ ኮምፒውተር ቢጠፋም።

"እንዴት ይባረራል?"

"ከዚሁ ኮምፒውተር ላይ ከአካውንቱ እንወጣለን። ሎግ አውት። መክፈቻው ለእሱም ለአንተም ይሞታል።"

"ከዚያስ መልሼ እገባለሁ?"

"በስልኳ ኮድ ይላካል። ሲሙ አለ?"

"ከስልኩ ጋር ጠፋ። አዲስ ለማውጣት ራሷ ትቅረብ አሉ።"

 ከድር ዓይኑን ወደ መንገዱ አደረገ። "እንግዲያው አንዴ ከወጣህ መመለሻ የለም" አለ።

ማስታወሻዎቹን መጀመሪያ ላውርድ አልኩት። የሰማኋቸው ኮምፒውተሩ ላይ ወርደዋል፣ እነሱን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ቀላል ነው አለ። ያልሰማኋቸው ግን አልወረዱም። ለማውረድ ኢንተርኔት ይፈልጋል፤ በዚህ ሁኔታ ደግሞ ኢንተርኔት ማገናኘት ለሌባው ሌላ በር መክፈት ነው። መጀመሪያ ማሽኑ ይጽዳ አለኝ።

የቆጠብኳቸው ናቸው አደጋ ላይ ያሉት።

እኩለ ቀን ላይ መብራት ጠፋ። ከድር "ነገ ከትምህርት ስትወጣ ና" አለኝ። ቤት ስገባ አባዬ "ተዘጋ?" አለ። ነገ አልኩ። "ለምን ነገ? የልጄ ስም እየለመነ ነው!" አለ። እውነቱን ነው። ሌባው አሁን ታምሜያለሁ ብር ላኩልኝ ማለት ጀምሯል። ለምን ነገ እንደሆነ አልነገርኩትም።

አርብ፣ ኅዳር 12

ከድር ጨርሷል። ያደረገውን ሁሉ አሳየኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ ለወደፊት።

የተሰረቀውን አንቲ ቫይረስ ነቅሎ ጣለ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብረው የሚነሡትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አወጣ፤ ሁለት የማናውቃቸው ነበሩ፣ አጠፋቸው። ያጠፋሁትን ጥበቃ መልሶ አበራ፣ አደሰ፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ሙሉ በሙሉ ሳይነሣ እንዲፈትሽ አደረገ። ቫይረሱ ሳይነቃ ይያዛል ማለት ነው። አራት ነገር ተገኘ። ፍላሼን ለብቻው አጸዳ። የራሴን የይለፍ ቃሎች በስልኬ እንድቀይር አደረገኝ፣ በኮምፒውተሩ ሳይሆን።

"ሌላ አንቲ ቫይረስ ልግዛ?" አልኩት።

"ይሄ ይበቃሃል። አንድ ጥበቃ፣ በየጊዜው የሚታደስ። ከዚያ ደግሞ ጭንቅላትህ።" ግንባሬን በጣቱ ነካ አደረገ። "እሱም ይታደስ።"

ሥራውን ለሜሪ ይሁን አለ። አልቀበልም ብሎ እጄን መለሰው።

ቤት ስደርስ ሰፈሩ መብራት የለውም። እማዬ ከሚካኤል ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ በር ላይ ተቀምጣለች። ስልክ ላይ ትጽፋለች። ቀስ ብላ፣ በአንድ ጣት። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አልደበቀችኝም።

ለሜሪ ነው የምትጽፈው።

"ዛሬ ሚካኤል ሄድኩ። ጧፍ አበራሁልሽ።"

ጽሑፉን ወደ ላይ እየገፋች አሳየችኝ። በየቀኑ ጽፋለች። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ። "እንዴት አደርሽ ልጄ።" "ዝናቡ አባራ።" "ዮኒ አይበላም።" "ለምን ረቡዕ መጣሽ የኔ እናት? ምን ሆነሽ ነበር?" ይሄ ብዙ ጊዜ አለ።

ይህን ጽሑፍ ኮምፒውተሩ ላይ አይቼው ነበር። ማለቴ ቁጥሩን። የሜሪ ዝርዝር ላይ "እማ" የሚለው ጎን ያልተነበበ መልእክት ቁጥር በየቀኑ ያድግ ነበር። አንድም ቀን አልከፈትኩትም። ፈርቼ።

"እይ" አለችኝ። "መልእክት ስትልክ አንድ ምልክት ነው የሚያሳየው። ሰውየው ሲያነበው ሁለት ይሆናል። ያንን ሁሉ ቀን አንድ አንድ ነበር። ረቡዕ ዕለት ሁሉም ሁለት ሆነ። ሁሉም፣ በአንዴ።"

"ሌባው ነው የከፈተው እማዬ።"

"ሞኝ አይደለሁም ዮኒዬ። ግን ሁለት ሲሆን አየሁት። ሲሆን አየሁት፣ ገባህ?"

ገባኝ።

"አትዝጉባት" አለች።

ነገ ጠዋት መብራት ከመጣ አገናኛለሁ። ማስታወሻዎቹን አወርዳለሁ። ከዚያ አላውቅም። አባዬ ዝጋ ይላል። እማዬ አትዝጋ ትላለች። እኔ ደግሞ ከሁለቱም የደበቅኩት ነገር አለ።

ልጻፈው። ሜሪ ከመሞቷ በፊት በነበረው ሰኞ ደወልኩላት። ከአባዬ ጋር ተጣልተን ነበር። ትምህርት በቃኝ፣ ጋራዥ እገባለሁ ብዬው፣ በጥፊ መታኝ። ለሜሪ እያለቀስኩ "እዚህ ቤት አልቆይም፣ እጠፋለሁ" አልኳት። እሷ "ቆይ፣ ምንም አታድርግ፣ እሺ?" አለችኝ። ሰኞ ነበር። ረቡዕ መጣች።

ማስታወሻዎቹን በቀን አንድ ብቻ የምሰማው ስለሚጣፍጡኝ አይደለም። መጨረሻው ላይ ስሜን እንዳልሰማ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

መብራት በሦስት ሰዓት መጣ። አባዬ ለነገው ድንኳን ለመከራየት ወጥቷል። እማዬን ጠርቼ ከጎኔ ወንበር አስቀመጥኳት። "የሜሪ ድምፅ አለ" አልኳት። ስለ ማስታወሻዎቹ ነገርኳት። ትቆጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ በራ። 

በስልኬ ኢንተርኔት አገናኘሁ። የሰማኋቸውን ሃያ ሦስቱን ወደ ፍላሹ አስቀመጥኩ። ቶሎ አለቀ። ከዚያ ያልሰማኋቸውን፣ በተራቸው፣ ከላይ ወደ ታች። ኔትወርኩ ይሄዳል፣ ይቆማል። ክቧ ትዞራለች፣ ትዞራለች። አንዱ ወረደ። ሁለት። አምስት። ከታች መጀመር እችል ነበር። ከመጨረሻው። እጄ አልሄደም።

እያወረድኩ የሜሪ ዝርዝር በግራ በኩል ይንቀሳቀሳል። ሌባው እየጻፈ ነው። ስሞች ወደ ላይ ይዘላሉ። በዚያው ሰዓት፣ በእኛው ስክሪን ላይ፣ በሜሪ ስም። የፈላ ውሃ ይመስል ነበር። እማዬ ስሞቹን ጮክ ብላ ታነባለች። "ጫልቱ። የቤት አከራይዋ። የማኅበሩ ልጆች። ትዕግስት፣ ትዕግስት ማናት?"

ትዕግስት የኮሌጅ ጓደኛዋ ናት፣ አሰላ ነው ያለችው። ከፈትኩት። ሌባው ታምሜያለሁ፣ ብር አበድሪኝ ብሏታል። እሷ "ሜሪዬ የኔ ቆንጆ! የት ጠፍተሽ ነው? ምን ነካሽ? ቁጥር ላኪልኝ፣ አሁኑኑ እልካለሁ" ብላለች።

አልሰማችም። እስካሁን የነገራት የለም።

"አትላኪ፣ ሌባ ነው" ብዬ ጻፍኩ። ወዲያው ጠፋ። ሌባው አጠፋው። ደግሜ ጻፍኩ፣ ደግሞ አጠፋው። ስልክ ቁጥሯ እዚያው ገጿ ላይ ነበርና በራሴ ስልክ ደወልኩላት። ኢንተርኔቱ ተቋረጠ።

"ሄሎ? ማን ልበል?"

"ዮናታን ነኝ። የሜሪ ወንድም።"

"ዮኒ! እንዴት ነው፣ ሜሪ ተሻላት?"

አልቻልኩም።  እማዬ ስልኩን ከእጄ ወሰደች።

"ልጄ፣ እናቷ ነኝ" አለች። ከዚያ ነገረቻት። ሁለት አጫጭር ዓረፍተ ነገር ነው። የልጅቷ ጩኸት ክፍሉ ድረስ ተሰማ። እማዬ "አይዞሽ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ተቀመጪ፣ ማን አለ አጠገብሽ?" ትላታለች። ልጇን የቀበረችው እሷ ናት፣ የምታጽናናውም እሷ። ብዙ አወሩ። እማዬ ነገ እንዳትመጣ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ስትረጋጋ ትምጣ አለቻት። ልትዘጋው ስትል "እሷ ስለ አንቺ ታወራኝ ነበር" አለች። እውነት ይሁን ውሸት አላውቅም።

ኢንተርኔቱን መለስኩ። ዝርዝሩ ገና ይዘላል። ማውረዱን ቀጠልኩ። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት።

"ዝጋው" አለች እማዬ።

"ስድስት ቀርቷል እማዬ።"

"ስንት ትዕግስት አለ መሰለህ እዚህ ውስጥ? እያንዳንዷን ደውለህ ትደርስላታለህ?"

"የመጨረሻዎቹ ናቸው። የዚያ ሳምንት። ለምን እንደመጣች ምናልባት..."

ክቧ ትዞራለች። ከግራ አዲስ ስም ወደ ላይ ዘለለ። እማዬ አየችው። ዓይኗን ጨፈነች።

"ስድስቱን ለእሷ ተውላት" አለች።

ሎግ አውት። እርግጠኛ ነህ ይላል። አዎ።

ገጹ ነጭ ሆነ። ስልክ ቁጥር አስገባ አለን። ሁለታችንም የምናውቀውን ቁጥር።

ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን ማንም አያነበውም። ልቤ ቀለለ። ስድስቱ ስለቀሩ እፎይ አልኩ። እናቴ አርባ ቀን ሙሉ የጠየቀችው መልስ አብሮ ተዘጋ፣ እኔ ደግሞ እፎይ አልኩ።

እሑድ፣ ኅዳር 14

አርባዋ ወጣ። ሰው ብዙ መጣ። ከባቱ አንድ ሚኒባስ ሙሉ መጡ፣ እርሻ ላይ የሚሠሩት። ሹፌሩን አባዬ እጁን ይዞ "በዝግታ ተመለስ፣ አደራ" አለው፤ ሦስት ጊዜ። ሮባ ውኃ ሲያድል ዋለ፤ ዓይኔን ማየት ፈርቶ። "አቦ፣ ምርጫው የሁለታችን ነበር" አልኩት። ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ሌላ ጀሪካን አነሣ።

እንግዳው ሲሄድ፣ ገና ፀሐይ ሳለ፣ አባዬ ኮምፒውተሩ ፊት መጥቶ ቆመ። "እናትህ ድምፅ አለ አለችኝ" አለ። አስቀመጥኩት። የዓሣውን ከፈትኩለት። "አጥንቱን የሚለቅምለት ዮኒ ነው" ስትል ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁ ሌላ ነገር ሆነ። እንደገና ክፈተው አለ። እንደገና ከፈትኩት። አምስት ጊዜ ሰማው። ከዚያ አዲስ የወረዱትን፣ አሥራ ሁለቱንም፣ ሦስታችን አንድ ላይ ሰማናቸው። በቀን አንድ አላልኩም። አንዱ የቲማቲም ሣጥን ቁጥር ነው። አንዱ ላይ ምንም አትልም፣ ታዛጋና ታጠፋዋለች። አንዱ ላይ እማዬን አስመስላ ትናገራለች። እማዬ "እኔ እንደዚህ ነው እንዴ የማወራው?" አለች። አባዬ "ልክ እንደዚህ" አላት።

ሠላሳ አምስት አሉ። በኮምፒውተሩ፣ በፍላሹ፣ በእማዬም ስልክ ላይ። ፍላሹ ከዚህ ቤት አይወጣም።

ከዚያ ነገርኳቸው። ሰኞ መደወሌን። እጠፋለሁ ማለቴን። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፣ ክፍል ውስጥ እንደሚጠየቅ ተማሪ። አባዬ ከወንበሩ ተነሣ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር። ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጠን።  "እኔ ነኝ የመታሁት" አለ። "እኔ ነኝ።"

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። ይሄን ሰዓት አርባ ቀን ስፈራው ኖሬያለሁ።

"ስለዚህ ለአንተ ብላ ነው የመጣችው" አለች።

"አላውቅም። ምናልባት። ስድስቱ ውስጥ ይሆናል። ላይሆንም ይችላል።"

"ለአንተ ብላ ከሆነ" አለች፣ "ታዲያ ለማን ትምጣ? ወንድሟ አይደለህ?"

  ተነሥታ የተረፈውን ወጥ አሞቀች። አባዬ እጁን ታጥቦ መጣና በአንድ ትሪ አቀረበችልን፣ ለሦስታችን። ነገ ጾም ይገባል፣ ይበላ አለች።

ለምን ረቡዕ እንደመጣች አሁንም አናውቅም። አናውቅም ይሆናል ለዘለዓለም። ነገ ትምህርት አለ፣ ረቡዕ ስለጠፋሁ፣ ሐሙስም ስለቀረሁ አባዬ ራሱ አብሮኝ ይሄዳል።

በላሁ። ሁለቴ አስጨመርኩ።